አዲስ የኳንተም ማግኔት ክሪስታልን በከፍተኛ ግፊት መሥራት፦ ከዱቄት ዝግጅት እስከ ምርት ፍተሻ

ይህ መመሪያ ባለብዙ መስፍ መጭመቂያን (ናሙናውን በብዙ ጠንካራ ኩቦች ከየአቅጣጫው የሚጨምቅ መሣሪያ) መጠቀም ለጀመሩ ወይም ለመጀመር ለሚዘጋጁ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በምሳሌነት የሚያገለግለን ይተርቢየም ጀርማኔት ነው። ይህ ውህድ በቀመሩ ውስጥ ሁለት የይተርቢየም፣ ሁለት የጀርማኒየምና ሰባት የኦክስጅን አቶሞች አሉት። በተራ የአየር ግፊት ሲሠራ ቴትራጎናል የክሪስታል መልክ ይይዛል፤ ከ6 እስከ 7 ጊጋፓስካል በሚደርስ ግፊት ሲሠራ ግን ፓይሮክሎር ወደሚባለው ኩቢክ መልክ ይለወጣል። በፓይሮክሎር ውስጥ የይተርቢየም አዮኖች ጫፍ ለጫፍ በተያያዙ ባለአራት ገጽ ቅርጾች ማዕዘን ላይ ስለሚቀመጡ፣ እያንዳንዱ ስፒን (የአዮኑ ጥቃቅን ማግኔት) ከጎረቤቶቹ ሁሉ ጋር በአንድ ጊዜ ሊስማማ አይችልም። የኳንተም ማግኔት ተመራማሪዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ የማይፈታ ግጭት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ለሌሎች ቁሶች የኤክስሬይ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ ሥራው አልቋል ሊባል ይችላል፤ ለኳንተም ማግኔት ግን አይበቃም። አቶሞች ቦታቸውን ሲቀያየሩ ወይም ክሪስታሉ በውስጡ ውጥረት ሲኖረው ስፒኖቹ ሥርዓት መያዝ ያቅታቸዋል፤ ይህ ደግሞ ሰዎች በጉጉት ከሚፈልጉት የስፒን ፈሳሽ (በንጹሕ ክሪስታል ውስጥ እንኳ ስፒኖቹ ሥርዓት ከማይይዙበት ሁኔታ) ጋር በቀላሉ ይምታታል። በከፍተኛ ግፊት የሚሠሩ ናሙናዎች ጥቃቅን፣ በድንገት የቀዘቀዙና ለውጥረት የተጋለጡ በመሆናቸው አደጋው በእነርሱ ላይ የባሰ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ የሚመዘነው ምርቱን በማስገኘቱ ብቻ ሳይሆን በክሪስታሉ ውስጥ በሚተወው የሥርዓት ጉድለት መጠንም ጭምር ነው።

የሚያስፈልገውን ግፊት መገመት

ግፊት ጥቅጥቅ ያለውን መልክ ይመርጣል። የምርጫውን ጉልበት ለማስላት በጣም ጠቃሚው ቁጥር ቀላል ነው፦ 1 ጊጋፓስካል በ1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሲባዛ 1 ኪሎጁል ይሆናል። አንድ የክሪስታል መልክ ከሌላው በሞል 5 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያነሰ ቦታ ቢይዝ፣ የመጠን ልዩነቱ ብዙም አይለወጥም ብለን ከወሰድን፣ በ6 ጊጋፓስካል ላይ 30 ኪሎጁል ያህል ብልጫ ያገኛል ማለት ነው። በ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው የሙቀት ኢነርጂ በሞል 10.6 ኪሎጁል ገደማ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ብልጫ ትንሽ አይደለም። በተራ ግፊት በሚሠራው ይተርቢየም ጀርማኔት ውስጥ እያንዳንዱ ጀርማኒየም በአራት ኦክስጅኖች ብቻ ይከበባል፤ በፓይሮክሎር ውስጥ ግን ስድስት ይከብቡታል፤ የይዘቱ ቅናሽም ከ10 ከመቶ በላይ ስለሆነ ግፊቱ ሥራውን በቀላሉ ይሠራል።

የትኛው ውህድ ግፊት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ለመገመት የአዮኖች ራዲየስ ጥሩ መነሻ ነው። ፓይሮክሎር በተራ ግፊት የሚጸናው የትልቁ አዮን ራዲየስ ለትንሹ ሲካፈል ከ1.46 እስከ 1.78 ባለው ክልል ሲውል ነው። የይተርቢየም ራዲየስ 0.985 አንግስትሮም፣ የቲታኒየም 0.605 ስለሆነ ውጤቱ 1.63 ይሆናል፤ በመሆኑም ይተርቢየም ቲታኔት በተራ ምድጃ ይሠራል። ጀርማኒየም ግን 0.53 ብቻ በመሆኑ ውጤቱ ወደ 1.86 ይወጣና ከክልሉ ያልፋል። ኦክስጅን ከሁለቱ አዮኖች የበለጠ ስለሚጨመቅ ግፊቱ ይህን ክልል ወደ ላይ ያሰፋዋል።

በፔሮቭስካይት ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፦ ግፊት ሲጨምር ገጽ ለገጽ የተጣበቁት ባለስምንት ገጽ ቅርጾች (ብረታማውን አዮን የሚከብቡት ስድስት ኦክስጅኖች የሚሠሯቸው) ቀስ በቀስ ጫፍ ለጫፍ ወደ መያያዝ ይሄዳሉ። ባሪየም ሩቴኔት ለዚህ ግልጽ ምስክር ነው፤ በተራ ግፊት 9አር የሚባለውን መልክ ይዞ (እነዚህ ስሞች የንጣፎቹን አደራረብ ይለያሉ) ይጀምርና በ3 ጊጋፓስካል ወደ 4ኤች፣ በ5 ጊጋፓስካል ወደ 6ኤች፣ በ18 ጊጋፓስካል ደግሞ ወደ ኩቢኩ 3ሲ ይደርሳል። በ2011 የተዘገበው የባሪየም ኒኬል አንቲሞኔት ሥራም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነበር፦ በተራ ግፊት የተሠራው መልክ በ13.5 ኬልቪን አካባቢ ሥርዓት ሲይዝ፣ በ3 እና በ9 ጊጋፓስካል የተሠሩት ሁለት መልኮች ግን ሥርዓት ሳይዙ ወደ ዝቅተኛ ሙቀት ይወርዳሉ። ወደዚህ ምሳሌ በኋላ እንመለሳለን።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መጠቀስ አለበት። ናሙናውን በግፊት ውስጥ እንዳለ መለካት ሌላ ሥራ ነው፤ ለምሳሌ ታሊየም ኮፐር ክሎራይድ በ0.1 ጊጋፓስካል ገደማ ብቻ የስፒን ክፍተቱን (ስፒኖቹን ለማነሳሳት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ኢነርጂ) ዘግቶ ሥርዓት ይይዛል፤ ግፊቱ ሲነሳ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። የእኛ ዓላማ በግፊት ውስጥ የተወለደውን መልክ ወደ ተራ ግፊት ይዞ መውጣት ነው።

መሣሪያውን የሚወስነውም ይህ ዓላማ ነው። እስከ 4 ጊጋፓስካል ድረስ ባለፒስተን ሲሊንደር ይበቃል፤ ናሙናውም ትልቅ ይሆናል። ከዚያ በላይ እስከ 20 ጊጋፓስካል ገደማ ድረስ ባለብዙ መስፍ መጭመቂያ ተመራጭ ነው። የአልማዝ መስፍ ከ100 ጊጋፓስካል በላይ ቢደርስም የሚይዘው ቁስ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ከወጣ በኋላ ለሙቀት አቅምም ሆነ ለኒውትሮን መለኪያ አይበቃም።

ዱቄቱን ማዘጋጀት

አብዛኛው ብልሽት የሚጀመረው መጭመቂያው ጋ ሳይደረስ ነው። የብርቅዬ መሬት ኦክሳይዶች ከአየር ውስጥ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስቡ፣ ይተርቢየም ኦክሳይድ ከመመዘኑ በፊት በ1000 ዲግሪ ሌሊቱን ማደር፣ ከዚያም እርጥበት በሌለበት ዕቃ ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት። ለ1 ግራም ውህድ 0.6532 ግራም ይተርቢየም ኦክሳይድና 0.3468 ግራም ጀርማኒየም ኦክሳይድ ይመዘናል። አራተኛው አሃዝ ለቁጥር ማሳመሪያ የተጻፈ አይደለም፤ ከይተርቢየም ኦክሳይድ የሚተርፍ ጥቂት ክፍልፋይ እንኳ በኋላ በሙቀት አቅም መለኪያ ላይ ራሱን ያሳያል።

ሁለቱ ዱቄቶች በአጌት ሙቀጫ ውስጥ በኤታኖል ረጥበው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይፈጫሉ፤ ሲደርቁ በእንክብል መልክ ተጨምቀው በምድጃ ይጋገራሉ። ጀርማኒየም ኦክሳይድ በ1115 ዲግሪ ስለሚቀልጥና በከፍተኛ ሙቀት መትነን ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያው ማሞቂያ ከ1000 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፤ ኦክሳይዶቹ ከተዋሐዱ በኋላ ግን ድጋሚ ፈጭቶ ወደ 1200 ዲግሪ መውጣት ይቻላል። እንክብሉ ከማሞቂያው በፊትና በኋላ ይመዘን፤ ክብደት ከጎደለ የጎደለው ጀርማኒየም ስለሆነ ያንን ዱቄት ጥሎ እንደ አዲስ መጀመር ይሻላል። የጎደለውን በግምት መሙላት የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም፤ ግምቱ ስህተት ሲሆን የሚታወቀው ከሁሉም በጣም ውድ በሆነው የመጨረሻ መለኪያ ላይ ነውና።

ኦክሳይዶቹን እንዲሁ ቀላቅሎ በቀጥታ ወደ ግፊት ማስገባትም ይቻላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ሆኖም አስቀድሞ የተዋሐደ ዱቄት አቶሞቹን በቅርብ ርቀት ያቀላቀለ ስለሆነ በግፊት ውስጥ በአጭር ጊዜ አንድ ወጥ ምርት ይሰጣል፤ ከአንድ ግራም ዱቄት ደግሞ ብዙ ዙሮች ስለሚወጡ በዙሮቹ መካከል የሚታይ ልዩነት ከግፊቱ እንጂ ከቅልቅሉ እንዳልመጣ ማወቅ ይቻላል። ካርቦኔት ያለበት ቅልቅል ግን በምንም ምክንያት በታሸገ ካፕሱል ውስጥ አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ መሄጃ የለውም።

ብረታማው አዮን ከፍ ያለ የኦክስጅን ይዞታ ሲፈልግ፣ ለምሳሌ ባለሦስት ቻርጅ ኒኬል ወይም ባለአምስት ቻርጅ ኢሪዲየም ሲፈለግ፣ በካፕሱሉ ጫፍ ላይ ፖታሲየም ፐርክሎሬት በተለየ ንብርብር ይደረጋል። አንዱ ሞል ሲበሰብስ ሁለት ሞል ኦክስጅንና ፖታሲየም ክሎራይድ ይሰጣል፤ ጨው የሆነው ቅሪት በኋላ በውሃ ይታጠባል። ይህ ኬሚካል ከኤታኖልና ከማንኛውም ኦርጋኒክ ነገር ጋር ፈጽሞ አይፈጭም፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ሴሉን መገጣጠም

የባለብዙ መስፍ መጭመቂያ ልብ ማዕዘናቸው የተቆረጠ ስምንት የተንግስተን ካርባይድ ኩቦች ናቸው። የተቆረጡት ማዕዘኖች መሃል ላይ ሲገናኙ ባለስምንት ገጽ ክፍተት ይፈጥራሉ፤ እዚያ ውስጥ ክሮሚየም የተቀላቀለበት የማግኒዥየም ኦክሳይድ ባለስምንት ገጽ ይቀመጣል። መጠኑ በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ 14/8 ማለት የባለስምንት ገጹ ጠርዝ 14 ሚሊሜትር፣ የኩቡ ቁርጥ ጠርዝ 8 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ለ7 ጊጋፓስካል 18/11 ወይም 14/8 ይበቃል፤ ወደ 20 ጊጋፓስካል ለመቅረብ 10/5 ያስፈልጋል፤ ናሙናው ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በባለስምንት ገጹ ውስጥ በተበሳው ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ የዚርኮኒያ ሙቀት መከላከያ፣ የግራፋይት ማሞቂያ፣ የማግኒዥየም ኦክሳይድ እጅጌ፣ በመጨረሻም ካፕሱሉ ይገባሉ። ሁሉም የሴራሚክ ክፍሎች አስቀድመው በ1000 ዲግሪ መጋገር አለባቸው፤ በውስጣቸው የቀረ ውሃ በግፊት ውስጥ እንደ ማቅለጫ ሆኖ የማይፈለግ ውህድ ያሳድጋል። ግራፋይት ከ10 ጊጋፓስካል ገደማ በላይ ሲሞቅ ወደ አልማዝ ስለሚለወጥና ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን ስለሚያቆም፣ ለዚያ ክልል ላንታነም ክሮማይት ወይም ሬኒየም ይመረጣል።

የካፕሱሉ ምርጫ ረዘም ያለ ሐሳብ ይገባዋል። ጀርማኒየም ኦክሳይድ ግራፋይት አጠገብ ሲሆን ኦክስጅኑን በቀላሉ ያጣል፤ ነጻ የወጣው ጀርማኒየም ደግሞ ከፕላቲነም ጋር በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ቅይጥ ሠርቶ ካፕሱሉን ይበሳል። ስለዚህ ካፕሱሉ በሚገባ የተዘጋ፣ በእርሱና በማሞቂያው መካከል ያለው የማግኒዥየም ኦክሳይድ ንብርብርም ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ በደንብ ይታሸጋል፤ በተራ ግፊት በ1064 ዲግሪ የሚቀልጥ ቢሆንም የመቅለጫ ነጥቡ ከግፊት ጋር ስለሚወጣ በ6 ጊጋፓስካል ላይ 1100 ዲግሪን ይቋቋማል። ብረት (አይረን) ለያዘ ናሙና ግን ፕላቲነም አይመከርም፤ ብረቱን ከናሙናው ውስጥ ይስባል። ዱቄቱ በካፕሱሉ ውስጥ በደንብ መጠቅጠቅ አለበት፤ ልል ሆኖ ከገባ ሲጨመቅ ካፕሱሉ ተጨማዶ ይቀደዳል።

ቴርሞካፕሉ የተንግስተንና የሬኒየም ቅይጥ ሲሆን በአሉሚና ቱቦ ውስጥ አልፎ እስከ ካፕሱሉ ይደርሳል። በኩቦቹ መካከል የሚገቡት የፓይሮፊላይት ጋስኬቶች እኩል ቁመት እንዲኖራቸው አንድ በአንድ ይለኩ፤ አንዱ ከፍ ካለ ጭነቱ ይዛነፋል። መጭመቂያው ከመነሳቱ በፊት የማሞቂያው ተቃውሞና የቴርሞካፕሉ ዑደት በመለኪያ ይፈተሹ፤ ከተጨመቀ በኋላ ማስተካከል አይቻልም።

ጭነቱን ወደ ግፊት መተርጎም

መለኪያው የሚያሳየው የሃይድሮሊኩን ጭነት እንጂ በናሙናው ላይ ያለውን ግፊት አይደለም። በክፍል ሙቀት ቢስሙዝ በ2.55 እና በ7.7 ጊጋፓስካል መልኩን ሲቀይር የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ስለሚዘል፣ እነዚህ ሁለት ነጥቦች የመጀመሪያውን መስመር ይሰጣሉ። ሲሞቅ ግን ማግኒዥየም ኦክሳይዱ ስለሚለሰልስ ግፊቱ ይለወጣል፤ በመሆኑም ኳርትዝ ወደ ኮሳይት በ3 ጊጋፓስካል ገደማ፣ ኮሳይት ወደ ስቲሾቫይት በ9 ጊጋፓስካል ገደማ የሚያደርጉት ለውጥ በሙቀት ላይ መፈተሽ አለበት። የኩብ ዓይነት ወይም የጋስኬት ምንጭ ሲቀየር ይህ ሥራ ይደገማል። እንደ ስፕሪንግ-8 ባሉ የሲንክሮትሮን ማዕከላት ለውጡን በኤክስሬይ በቀጥታ እያዩ ግፊቱን ከወርቅ ወይም ከማግኒዥየም ኦክሳይድ ላቲስ (የአቶሞች ተደጋጋሚ መረብ) ማንበብ ይቻላል፤ ዕድሉ ሲገኝ የወራት ፍለጋን ያሳጥራል።

መጨመቅ፣ ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ

ጭነቱ ለጥቂት ሰዓታት ቀስ እያለ ይጨመራል። የታለመው ጭነት ላይ ሲደረስ ማሞቅ ይጀመራል፤ በደቂቃ 100 ዲግሪ ገደማ መውጣት ተገቢ ፍጥነት ነው። በየ100 ዲግሪው ለማሞቂያው የተሰጠው የኤሌክትሪክ ኃይል በመዝገብ ይጻፍ፤ ቴርሞካፕሉ በመሃል ቢበጠስ ቀሪውን መንገድ በኃይሉ መጠን መገመት የሚቻለው በዚህ መዝገብ ብቻ ነው።

ለይተርቢየም ጀርማኔት ከ1000 እስከ 1300 ዲግሪ ባለው ክልል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት በቂ ነው። አዲስ መልክ የሚፈልግ ሰው ግን ሙቀቱን አጽንቶ ግፊቱን በየዙሩ መለወጥ፣ ለውጡ የታየበትን ክልል ከሁለቱም ወገን ማጥበብ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሙቀቱን መነካካት አለበት፤ ሁለቱን በአንድ ዙር መለወጥ ውጤቱን ማንበብ የማይቻል ያደርገዋል። የተገኘው መልክ በእርግጥ በዚያ ግፊት የሚጸና መሆኑን ለማረጋገጥ፣ አንዱን ዙር ከኦክሳይዶቹ፣ ሌላውን ከተዋሐደው ዱቄት ጀምሮ ሁለቱም ወደ አንድ ምርት መድረሳቸውን ማየት ያስፈልጋል።

የማሞቂያው ኃይል ሲቋረጥ ናሙናው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ነው አዲሱን መልክ የሚያስቀረው። ነገር ግን በከፍተኛ ሙቀት የተቀያየሩ አቶሞችንም እንዲሁ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ በግፊት ውስጥ እንዳለ ሙቀቱን ወደ 700 ወይም 800 ዲግሪ በዝግታ አውርዶ፣ ጥቂት አቆይቶ፣ ከዚያ ማቋረጥ ለማግኔት ሥራ የተሻለ ልማድ ነው። ይህን የማይፈቅደው በዝቅተኛው ሙቀት ሌላ መልክ የሚመርጥ ውህድ ብቻ ነው።

ግፊቱን መልቀቅ

ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ግፊቱ ከ8 እስከ 15 ሰዓት በሚደርስ ጊዜ መለቀቅ አለበት፤ አብዛኞቹ ፍንዳታዎች የሚከሰቱት ጭነቱ ሲወርድ ጋስኬቱ በድንገት ሲያመልጥ ነው። ኩቦቹ ይሰበራሉ፤ ናሙናው ይደቃል፤ ስለዚህ መከላከያው ጋሻ እስከ መጨረሻው ተዘግቶ ይቆይ፤ ጭነት ባለበት ሰዓትም ማንም ሰው ከፊቱ አይቁም። በሌላ በኩል ሁሉም መልክ ወደ ተራ ግፊት አይወጣም፤ ካልሲየም ሲሊኬት ፔሮቭስካይት ለምሳሌ ግፊቱ ሲነሳ ክሪስታልነቱን አጥቶ ይፈርሳል። ኦስሚየም ያለበት ካፕሱል ሲከፈት ደግሞ መርዛማ የኦስሚየም ቴትሮክሳይድ ትነት ሊኖር ስለሚችል ሥራው በጋዝ መሳቢያ ስር ይሁን።

ምርቱን መመርመር

በመጀመሪያ የካፕሱሉ ጫፍና መሃል ለየብቻ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ይታያሉ፤ የሙቀት ልዩነት ካለ ሁለቱ አይመሳሰሉም። የይተርቢየም ጀርማኔት ፓይሮክሎር የላቲስ ርዝመት 9.83 አንግስትሮም አካባቢ መሆን አለበት። የመስመሮቹ ስፋት ከቦታቸው ባልተናነሰ ይጠና፤ ከማዕዘን ጋር እየጨመረ የሚሄድ ስፋት የውስጥ ውጥረት ምልክት ነው። ውጥረቱን በመለስተኛ ማሞቂያ ማርገብ ይቻላል፤ ሆኖም መልኩ በተራ ግፊት ጊዜያዊ ስለሆነ በየትኛው ሙቀት ወደ ቴትራጎናሉ እንደሚመለስ በትንሽ ቁራጭ ላይ አስቀድሞ መለየት ያሻል።

ከኤክስሬይ ቀጥሎ የሙቀት አቅም መለኪያ ይመጣል፤ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ሐቀኛው ፈታሽ እርሱ ነው። በ2.3 ኬልቪን አካባቢ ትንሽ ጉብታ ከታየ ያልተዋሐደ ይተርቢየም ኦክሳይድ አለ ማለት ነው፤ ኤክስሬይ ያላየውን ይህ ያያል። የውህዱ የራሱ ሹል ጫፍ የሚጠበቀው 0.6 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ከሂሊየም-3 ወይም ከዳይሉሽን ማቀዝቀዣ ውጭ አይደረስበትም። ከጫፉ ስር ያለው ስፋት ተደምሮ ኤንትሮፒው ለአንድ ይተርቢየም ወደ 5.76 ጁል በሞል በኬልቪን መድረስ አለበት፤ ይህ ባለሁለት ደረጃ ስፒን ሙሉ በሙሉ ሊለቀው የሚችለው መጠን ነው። ከጎደለ ወይም ጫፉ ሰፍቶ ከተድቦለቦለ፣ ስለ ኳንተም ፈሳሽ ከማውራት በፊት ስለ ሥርዓት ጉድለት ማሰብ ይገባል። በእህቱ በይተርቢየም ቲታኔት ውስጥ ጥቂት ከመቶ ይተርቢየም በቲታኒየም ቦታ ሲገባ ሹሉ ጫፍ እንደሚበተን የታወቀ ነው።

ማግኔታዊ ምላሹ በዝቅተኛ ሙቀት ያለማቋረጥ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ፣ በተለያየ የማግኔት መስክ ደጋግሞ መለካት ብቻቸውን የቀሩ ስፒኖችን መጠን ለመገመት ይረዳል። የባሪየም ኒኬል አንቲሞኔት ታሪክ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። የ3 ጊጋፓስካሉ መልክ መጀመሪያ ኒኬል ብቻውን ባለሦስት ማዕዘን ንጣፍ የሚሠራበት የስፒን ፈሳሽ ዕጩ ተደርጎ ቀረበ፤ በኋላ የተደረገ የመዋቅር ጥናት ግን ኒኬልና አንቲሞኒ ገጽ ለገጽ በተጣበቁት ጥንዶች ውስጥ ተደባልቀው እንደሚገኙ ሐሳብ አቀረበ። መዋቅሩ ሲለወጥ የስፒኖቹ መረብም ይለወጣል፤ የማግኔት መለኪያው ያው ሆኖ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ አዲስ መልክ ሲገኝ የዱቄት ኤክስሬይ ብቻውን አይበቃም፤ ተቀራራቢ የኤሌክትሮን ቁጥር ያላቸውን አዮኖች የሚለየው ኒውትሮን፣ የአቅራቢያ መደበላለቅን የሚያሳየው ደግሞ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው።

ኒውትሮን በግራም የሚቆጠር ናሙና ይጠይቃል፤ አንድ ዙር ግን የሚሰጠው ጥቂት አስር ሚሊግራም ስለሆነ የብዙ ዙሮችን ምርት ማደባለቅ ግድ ይሆናል። ዲስፕሮሲየምን የመሰለ ኒውትሮን ዋጭ ንጥረ ነገር ካለ ደግሞ ተስማሚ አይሶቶፕ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ከመደባለቁ በፊት እያንዳንዱ ዙር በተለየ ብልቃጥ ተቀምጦ የግፊቱ፣ የሙቀቱና የዱቄቱ መለያ ይጻፍበት፤ ኤክስሬይ የሁሉም፣ የሙቀት አቅም ደግሞ ቢያንስ ከየዱቄቱ የአንድ ዙር ይለካ። ጫፉ ከሌሎቹ የተለየበት ዙር ወደ ድብልቁ አይገባም፤ ለብቻው ተቀምጦ የማሞቂያው መዝገብ ይመረመራል።